አባ በርተሎሜዎስ ዴ ላስ ካሳስና የመጽሐፈ ሲራክ ቃል

አባ በርተሎሜዎስ ዴ ላስ ካሳስ በ1484 በስፔን አገር በሴቪያ ከተማ ተወለዱ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። አባታቸው በክሪስቶፎር ኮሎምቦስ ሁለተኛ ጉዞ ባሕር የተሻገሩ ነጋዴ ነበሩ። እርሳቸውም በ1502 ዛሬ ሄይቲና ዶሚኒካን ሪፐብሊክ ወደሚገኙበት ወደ ሂስፓንዮላ ደሴት ሄዱ፤ በዚያም እንደ ሌሎቹ ስፔናውያን ሀብት ያዙ። ኤንኮሚየንዳ በሚባለው ሥርዓት የአገሩ ተወላጆች ለአንድ ጌታ ተደልድለው በእርሻውና በወርቅ ቁፋሮው ይሠሩ ነበር፤ ጌታውም በምላሹ ሃይማኖት የማስተማር ግዴታ ነበረበት። ገባር የሚለውን ቃል የሚያውቅ አንባቢ ነገሩን በመጠኑ ይገነዘበዋል፤ ይህኛው ግን ሕዝቡን የጨረሰ ነበር።

አባ በርተሎሜዎስ ክህነት ከተቀበሉም በኋላ ተወላጆቹን አልለቀቁም። በ1511 ከልደት በዓል በፊት በነበረው እሑድ ዶሚኒካዊው አባ አንቶንዮ ዴ ሞንቴሲኖስ በሳንቶ ዶሚንጎ ሲሰብኩ፣ በምድረ በዳ ስለሚጮኸው ድምፅ ከሚናገረው ወንጌል ተነሥተው፣ ሰፋሪዎቹ በዚህ ግፍ እየኖሩ ሊድኑ እንደማይችሉ በግልጽ ነገሯቸው። ከተማው ታወከ። አንድ ዶሚኒካዊ ካህንም ተወላጆችን ስለ ያዙ ለአባ በርተሎሜዎስ ሥርየተ ኃጢአት ሊሰጧቸው አልፈቀዱም። እርሳቸው ግን ተከራከሩ እንጂ አልተመለሱም። ዘማቾችን ተከትለው ወደ ኩባ ሄዱ፤ በካኦናኦ መንደር የተፈጸመውን እልቂት በዓይናቸው አዩ፤ ከዚያም በኋላ እንኳ የተሰጣቸውን መሬትና ሰው ተቀበሉ።

የመለሳቸው የስብከት ዝግጅት ነው። በ1514 ለጰራቅሊጦስ በዓል የሚሰብኩትን ሲያዘጋጁ የመጽሐፈ ሲራክን ምዕራፍ 34 አነበቡ። ጠቢቡ በዚያ፣ ከድሀ ንብረት ተወስዶ የሚቀርብ መሥዋዕት ልጅን በአባቱ ፊት እንደ ማረድ መሆኑን፣ የሠራተኛን ደመወዝ መከልከልም ደም ማፍሰስ መሆኑን ያስተምራል። (መጽሐፉ በእኛ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ስላለ ካቴኪስቶቻችን ምዕራፉን ከፍተው ቢያነቡት መልካም ነው።) ይህ ቃል ለአንድ ካህን እንግዳ አልነበረም፤ ያን ጊዜ ግን የሚናገረው ስለ ራሳቸው እርሻና ስለ ራሳቸው መሠዊያ መሆኑ ገባቸው። ለጥቂት ቀናት ካሰላሰሉ በኋላ ተወላጆቹን እንደሚለቁ ለአገረ ገዢው ለዲየጎ ቬላስኬዝ አስታወቁ፤ ኦገስት 15 ቀንም፣ በፍልሰታ ለማርያም በዓል፣ በሳንክቲ ስፒሪቱስ በሕዝብ ፊት ገልጠው ሰበኩት።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሃምሳ ዓመታት በጉዞ፣ በአቤቱታና በክርክር ያለፉ ናቸው። በ1522 ወደ ዶሚኒካውያን ማኅበር ገቡ። በ1542 ኤንኮሚየንዳን የሚገድበው አዲሱ የንጉሥ ሕግ እንዲወጣ ብዙ ደከሙ። በ1544 የቺያፓስ ጳጳስ ሆነው ሲሾሙ፣ ቀድሞ በራሳቸው ላይ የደረሰውን በመንጋቸው ላይ አደረጉት፤ ተወላጆችን የያዘና የወሰደውን ያልመለሰ ሁሉ ሥርየተ ኃጢአት እንዳያገኝ ካህናቱን አዘዙ። ሰፋሪዎቹ በብርቱ ተቃወሟቸው፤ አቡነ በርተሎሜዎስም በ1547 ወደ ስፔን ተመለሱ። በ1550 እና በ1551 በቫያዶሊድ ከሊቁ ከሴፑልቬዳ ጋር ተከራክረው፣ እምነት በጦር ሳይሆን በማስረዳትና በየዋህነት ብቻ መሰበክ እንዳለበት አስረዱ።

እኛ አፍሪካውያን ግን አንድ ነገር በዝምታ ልናልፍ አንችልም። በ1516 እኒሁ ሰው የተወላጆቹን ሸክም ለማቅለል በምትካቸው አፍሪካውያን ባሮች እንዲወሰዱ አሳቡን አቅርበው ነበር። የባሪያ ንግድ ከእርሳቸው በፊት የጀመረ ቢሆንም፣ ለኩባ ሕዝብ የተከፈተው ዓይናቸው ለእኛ ወገን ለብዙ ዘመን ተዘግቶ ቆየ። ፖርቱጋሎች ሰውን በአፍሪካ ጠረፍ እንዴት እንደሚይዙ ኋላ ሲረዱ ግን እጅግ ተጸጸቱ። በጁላይ 1566 በማድሪድ አረፉ። የጻፉት ታላቅ የታሪክ መጽሐፍ ለአርባ ዓመት እንዳይታተም አዝዘው ነበር፤ የታተመው በ1875 ነው። የጥቁሮች ባርነት ከተወላጆቹ ባርነት እኩል ግፍ መሆኑን፣ ያን አሳብ ያቀረቡት ባለማወቅ ቢሆንም ይህ አለማወቃቸው በእግዚአብሔር ፍርድ ፊት ይቅርታ እንደሚያስገኝላቸው እርግጠኛ አለመሆናቸውን በዚያ ጽፈው ትተዋል።