ሳቪትሪባይ ፑሌ

ሳቪትሪባይ ፑሌ (ጃንዋሪ 3 ቀን 1831 – ማርች 10 ቀን 1897 እ.ኤ.አ.) በምዕራብ ሕንድ በፑኔ ከተማ የኖሩ መምህርት፣ ገጣሚና የማኅበራዊ ለውጥ ታጋይ ነበሩ። ከባለቤታቸው ከጆቲራኦ ፑሌ ጋር፣ ሕንዳውያን ራሳቸው ለሴት ልጆች ከከፈቷቸው የመጀመሪያ ትምህርት ቤቶች አንዱን መሥርተዋል። በ66 ዓመታቸው የቸነፈር ሕሙማንን ሲረዱ በዚያው በሽታ ሞቱ። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የልጅነት ሕይወት

የተወለዱት ዛሬ ማሃራሽትራ በሚባለው ክፍለ ሀገር፣ ሳታራ አውራጃ ውስጥ ናይጋኦን በተባለች መንደር ነው። ወላጆቻቸው ማሊ ከሚባለው፣ በአትክልትና በአበባ ልማት ከሚታወቀው ማኅበረሰብ ነበሩ። በ1840 ገና የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳሉ ለ13 ዓመቱ ጆቲራኦ ተዳሩ። ሲያገቡ ፊደል አልቆጠሩም ነበር፤ ማንበብና መጻፍ ያስተማሯቸው ባለቤታቸው ናቸው። ከዚያም በአሕመድናጋርና በፑኔ የመምህርነት ሥልጠና ወሰዱ። የአሕመድናጋሩን ትምህርት ቤት የምትመራው ሲንቲያ ፋራር የተባለች አሜሪካዊት ሚሲዮናዊት ነበረች።

ትምህርት ቤቶቹ

በ1848 ባልና ሚስቱ በፑኔ ብሂዴ ዋዳ በሚባል ቤት ውስጥ የሴት ልጆች ትምህርት ቤት ከፈቱ። ሳቪትሪባይ በዚያን ጊዜ ገና 17 ዓመታቸው ነበር። በወቅቱ በፑኔ መማር በአብዛኛው የብራህሚን ወንዶች ድርሻ ነበር፤ ሴት ልጅና ዝቅተኛ ተብለው የተፈረጁ ወገኖች ፊደል ቢያውቁ የሃይማኖት ሥርዓት የሚናጋ ይመስላቸው የነበሩ ብዙዎች ናቸው። ስለዚህ መምህርቷ ወደ ሥራ ሲሄዱ በመንገድ ላይ ጭቃና እበት ይወረወርባቸው ነበር። ሁልጊዜ ተጨማሪ ሳሪ ይዘው ይወጡና ትምህርት ቤት ሲደርሱ የቆሸሸውን ይቀይሩ ነበር። ታሪኩ ሲነገር ሁሉም የሚያነሣው ይህን ሳሪ ነው፤ የከበደው ግን የቤተሰብ ጫና ሳይሆን አይቀርም። በ1849 የጆቲራኦ አባት ከትምህርቱና ከቤቱ አንዱን እንዲመርጡ አስገደዷቸውና ሁለቱም ከቤት ወጡ። ያስጠጓቸው ኡስማን ሼክ የተባሉ ሙስሊም ወዳጃቸው ናቸው። የዚሁ ቤት ልጅ ፋጢማ ሼክም ከሳቪትሪባይ ጋር አብራ አስተምራለች።

በ1851 መጨረሻ ሦስት ትምህርት ቤቶች ወደ 150 የሚጠጉ ሴት ተማሪዎች ነበሯቸው። የማይነኩ ይባሉ ለነበሩት ለማሃርና ለማንግ ልጆችም የተለዩ ትምህርት ቤቶች ተከፈቱ። ትምህርቱ ምን እንዳፈራ ለማየት ሙክታ ሳልቬን ማንሣት ይበቃል። ይህች የማንግ ልጅ ሦስት ዓመት ብቻ ተምራ በ1855 የወገኖቿን መከራ የሚገልጽ ድርሰት በማራቲ ቋንቋ በጋዜጣ አሳተመች። ድርሰቱ ሃይማኖት የተነፈገ ሰው ምን ይሁን ብሎ የሚጠይቅ፣ ለታዳጊ ይቅርና ለጎልማሳም ድፍረት የሚሻ ጽሑፍ ነው።

ሳቪትሪባይ ራሳቸው በ1854 ካቭያ ፑሌ የተባለ የግጥም መድበል አሳትመዋል። ለባለቤታቸው ከጻፏቸው ደብዳቤዎችም ጥቂቶቹ ተርፈዋል። በ1856 ታመው ወላጆቻቸው ቤት ሳሉ የጻፉት፣ ወንድማቸው ከዝቅተኛ ወገኖች ጋር መዋልን ነውር አድርጎ ሲወቅሳቸው እንዴት እንደመለሱለትና እናታቸው የልጃቸውን ሐሳብ እንደተቀበሉ ይተርካል። በ1868 የጻፉት ደግሞ አንድ ብራህሚን ወጣትና የማሃር ልጅ የሆነች ፍቅረኛው ሊገደሉ ሲሉ ከመንደርተኛው እጅ ስለማስጣላቸው ነው።

ባል የሞተባቸው ሴቶች

በብራህሚን ቤተሰቦች ባሏ የሞተባት ሴት፣ ሕፃን ብትሆንም እንኳ፣ ዳግመኛ አታገባም ነበር፤ ፀጉሯም ይላጭ ነበር። በቤተ ዘመድ ተደፍራ ካረገዘች የሚጠብቃት ውርደት ስለነበር ብዙዎች ራሳቸውን ወይም የወለዱትን ያጠፉ ነበር። ፑሌዎች በቤታቸው መጠለያ ከፍተው እነዚህ ሴቶች በምሥጢር መጥተው እንዲወልዱ አደረጉ፤ ሳቪትሪባይ እናቶቹንና ሕፃናቱን ይንከባከቡ ነበር። ባልና ሚስቱ ልጅ አልነበራቸውም፤ በ1874 በዚህ መጠለያ የወለደች ሴት ልጅ ያሽዋንትን በጉዲፈቻ ወስደው አሳደጉ። ያሽዋንት በኋላ ሐኪም ሆነ።

እውነት ፈላጊዎች

በ1873 ጆቲራኦ ሳትያሾዳክ ሳማጅ፣ ማለትም የእውነት ፈላጊዎች ማኅበር፣ አቋቋሙ። በዚያው ዓመት የካስት ሥርዓትን ከባርነት ጋር ያነጻጸረ መጽሐፍ አውጥተው ባሪያዎችን ነፃ ላወጡ አሜሪካውያን መታሰቢያ አደረጉት። ማኅበሩ ያለ ብራህሚን ቄስና ያለ ጥሎሽ ጋብቻ ይፈጽም ነበር፤ ሳቪትሪባይ የሴቶቹን ክፍል መሩ። በ1876 የጀመረው ታላቅ ረሃብ ዴካንን ሲመታ ገጠር ወርደው ዕርዳታ አስተባበሩ። በ1877 ከጁናር አካባቢ በጻፉት ደብዳቤ እንደሚታየው፣ የማኅበሩ ፈቃደኞች ሲታሰሩ የአውራጃውን ሹም ቀርበው ተከራክረው አስፈቷቸዋል፤ ለተራቡትም ማሽላ አስልከዋል።

ጆቲራኦ በኖቬምበር 1890 ሲሞቱ ዘመዶች የጉዲፈቻ ልጁ የቀብር ሥርዓቱን እንዳይመራ ተቃወሙ። ሳቪትሪባይ በልማድ ወንድ ብቻ የሚይዘውን የሸክላ ገንቦ ራሳቸው ይዘው አስከሬኑን ቀደሙ። ሴት እንዲህ ስታደርግ የታየበት ጊዜ እጅግ ጥቂት ነው። በ1893 ሳስዋድ በተደረገው የማኅበሩ ጉባኤ ሊቀ መንበር ሆኑ።

የቸነፈሩ ዓመት

ቸነፈር በ1896 ቦምቤይ ገብቶ በ1897 መጀመሪያ ፑኔ ደረሰ። የበሽታው ተሕዋስ ከሦስት ዓመት በፊት ሆንግ ኮንግ ላይ ቢለይም የአይጥ ቁንጫ እንደሚያስተላልፈው የታወቀው ገና በ1898 ነው። ስለዚህ የሚያስታምም ሰው ራሱን ከምን እንደሚጠብቅ በውል አያውቅም ነበር። ዶክተር ያሽዋንት ከከተማው ውጭ ሃዳፕሳር አካባቢ ማከሚያ ከፈተ፤ እናቱም ሕሙማንን ከየሰፈሩ እየፈለጉ ያመጡ ነበር። ሙንድዋ በምትባል መንደር ከማሃር ሰፈር አንድ የታመመ ልጅ አግኝተው በጀርባቸው አዝለው ወደ ማከሚያው ወሰዱት። በሽታው ያዛቸውና ማርች 10 ቀን 1897 አረፉ።

መታሰቢያ

ማሃራሽትራ የልደታቸውን ቀን ጃንዋሪ 3 የሴት ልጆች ቀን አድርጋ ታከብራለች። የሕንድ ፖስታ በ1998 ምስላቸው ያለበት ቴምብር አውጥቷል፤ የፑኔ ዩኒቨርሲቲም ከ2014 ጀምሮ በስማቸው ይጠራል።