አቡነ ያዕቆብና የአገሩ ጾም

በሐዋሳ ዐቢይ ጾምን የምንጾም ምእመናን በዚህ ወራት ልናስባቸው የሚገባን አባት አቡነ ያዕቆብ ናቸው። እኒህ አባት፣ በትውልድ ስማቸው ዮስጢኖስ ዴ ያቆቢስ፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1800 ዓ.ም. በኢጣልያ አገር በሳን ፌሌ ተወለዱ፤ በ1839 ዓ.ም. ዓድዋ ገቡ። ያደጉት በላቲን ሥርዓት ሲሆን፣ የአገሩ ሰው የግዕዙን ሥርዓት ይተው ዘንድ ግድ አላሉም። ይልቁንም ግዕዝንና አማርኛን ተማሩ፤ እንደ አገሩ መነኮሳት ለበሱ፤ ሕዝቡ የሚበላውን በሉ፤ ሕዝቡ የሚጾመውንም ጾሙ።

በ1849 ዓ.ም. በምጽዋ ከአቡነ ማስያስ እጅ ጵጵስና ተቀበሉ። ስለ ሃይማኖታቸው ታሰሩ፤ ደቀ መዝሙራቸው አባ ገብረ ሚካኤልም በ1855 ዓ.ም. በእስራት አረፉ። እርሳቸው በ1860 ዓ.ም. ከምጽዋ ቆላ ወደ ደጋው ሲወጡ በአሊጌዴ ሸለቆ በመንገድ ዐረፉ፤ በሄቦም ተቀበሩ። በ1975 ዓ.ም. ቅድስናቸው በሮም ታወጀ።

እኛ በሐዋሳ በላቲን ሥርዓት እናስቀድሳለን፤ ብዙ ጎረቤቶቻችን ደግሞ በሌላ ሥርዓት ይጾማሉ። እንግዲህ ዓርብ ዓርብ የመስቀሉን መንገድ ስንከተል፣ የጎረቤታችንን ጾም አክብረን፣ ከማዕዳችን የቀነስነውን ለድኻ እናድርስ። በረከታቸው ይደርብን፤ አሜን።