ኤድሬድ ኮርነር፦ በጦርነት መካከል የሐሩር ደን እንጉዳዮችን ያጠና ሳይንቲስት

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ፌብሩዋሪ 15 ቀን 1942 ሲንጋፖር ለጃፓን ጦር እጇን ሰጠች። ከ80,000 የማያንሱ የብሪታንያ፣ የሕንድና የአውስትራሊያ ወታደሮች ተማረኩ። በከተማዋ የነበሩ አውሮፓውያን ሲቪሎችም ጓዛቸውን ይዘው ወደ ቻንጊ እስር ቤት እንዲሄዱ ታዘዙ። በዚያ ቀውጢ ሰዓት አንድ የ36 ዓመት እንግሊዛዊ የእጽዋት ሊቅ ያስጨነቀው ሌላ ጉዳይ ነበር። በሲንጋፖር የእጽዋት ማዕከልና በራፍልስ ቤተ መዘክር የተከማቹት የደረቁ ዕፅዋት፣ የእንስሳት ናሙናዎችና መጻሕፍት ለዘራፊና ለእሳት ተጋልጠው ነበር። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ የተለፋበት ሀብት በጥቂት ቀናት ሊጠፋ ይችላል።

ሰውየው ኤድሬድ ጆን ሄንሪ ኮርነር ይባላል። ወደ ብሪታንያዊው ገዥ ዘንድ ሄዶ፣ የሳይንስ ስብስቦቹ እንዲጠበቁ የሚለምን አጭር ማስታወሻ አስጽፎ ለጃፓን ባለሥልጣናት አደረሰ። ያቺ ቁራጭ ወረቀት ቤተ መዘክሩንና የእጽዋት ማዕከሉን አተረፈች። የኮርነርን ስም ግን ለብዙ ዓመታት አጎደፈች።

ኮርነር የተወለደው ጃንዋሪ 12 ቀን 1906 ለንደን ውስጥ ነው። አባቱ የቀዶ ሕክምና ባለሙያ ነበሩ። ልጁ በመንተባተብ ይቸገር ስለነበር ከሰው ይልቅ ከዛፍና ከቅጠል ጋር መዋል ይቀለው ነበር። በወጣትነቱ ከእንግሊዝ የእንጉዳይ አጥኚዎች ጋር ጫካ ለጫካ መዞር ጀመረ፤ በኋላም በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የእጽዋትን ሳይንስ ተማረ። በ1929፣ ገና በ23 ዓመቱ፣ የሲንጋፖር የእጽዋት ማዕከል ረዳት ዳይሬክተር ሆኖ ወደ እስያ ተሻገረ።

እዚያ የጠበቀው ዓለም በእንግሊዝ ካየው ሁሉ የተለየ ነበር። በማሌያ ደን ውስጥ ከ50 ሜትር በላይ የሚዘረጉ ዛፎች ይቆማሉ። ከሥራቸው፣ በረገፈው ቅጠል መካከል፣ ቀይ፣ ብጫ፣ ወይን ጠጅና ነጭ እንጉዳዮች ዝናብን ተከትለው ብቅ ይላሉ። አብዛኞቹ ስም አልነበራቸውም። ስም የነበራቸውም ቢሆኑ ብዙዎቹ የተሰየሙት ሕያው ሆነው ባላዩአቸው ሊቃውንት ነበር። ናሙናው ደርቆ፣ ቀለሙ ጠፍቶ፣ በመርከብ አውሮፓ ሲደርስ አንድ ምሁር በጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ይመረምረዋል፤ ከአውሮፓ እንጉዳዮችም ጋር አመሳስሎ ስም ያወጣለታል።

ችግሩን ለመረዳት የእንጉዳይን ተፈጥሮ ማወቅ ያስፈልጋል። ክረምት ሲገባ በኢትዮጵያ ሜዳዎች ላይ በአንድ ሌሊት የሚበቅለውን እንጉዳይ ያየ ሰው፣ ከጥቂት ቀናት በኋላ በስፍራው እንደማያገኘው ያውቃል። ለዓይን የሚታየው ክፍል ፍሬው ብቻ ነው። ዋናው አካል ከአፈር በታች፣ በበሰበሰ እንጨት ወይም በዛፍ ሥር ላይ የተዘረጋ፣ ከፀጉር የቀጠነ የክር መረብ ነው። በሞቃቱና በእርጥቡ ደን ውስጥ ደግሞ ፍሬው ከአንድ ቀን በላይ ሳይቆይ ሊበሰብስ ወይም በትል ሊበላ ይችላል። ስለዚህ የሐሩር እንጉዳይን የሚያጠና ሰው በተለቀመበት ዕለት ቀለሙን መሳል፣ ሽታውን መመዝገብ፣ ቆርጦም በማይክሮስኮፕ ማየት አለበት። ኮርነር ይህን ሥራ ዓመታትን ጠይቆ፣ ማስታወሻና የውሃ ቀለም ሥዕል እያከማቸ ገፋበት።

በ1932 ያሳተማቸው ጽሑፎች የእንጉዳይ ጥናትን አቅጣጫ ቀየሩ። እስከዚያ ድረስ እንጉዳዮች በብዛት የሚመደቡት በውጭ መልካቸው ነበር። ከጃንጥላው ሥር ስስ ክንፎች ያሉት በአንድ ወገን፣ ቀዳዳ ያለው በሌላ ወገን፣ እንደ ዱላ ወይም እንደ ቅርንጫፍ የቆመው ደግሞ በሦስተኛ ወገን ይሰለፋል። ኮርነር ግን የእንጉዳዩን አካል የሚሠሩትን ክሮች አንድ በአንድ ፈትሎ መረመረ። ሁሉም ክሮች አንድ ዓይነት አለመሆናቸውንም አሳየ። አንዳንዶቹ የሚያድጉና ሌሎቹን የሚያስገኙ ናቸው፤ አንዳንዶቹ እንደ ምሰሶ አካሉን ያቆማሉ፤ የቀሩት እርስ በርስ ተጠላልፈው ያስራሉ። ይህ ባለ ሦስት ክፍል አመዳደብ በእንጨት ላይ የሚበቅሉ ጠንካራ እንጉዳዮችን ለመለየት ዛሬም ያገለግላል።

በ1935 ደግሞ የማሌያ እንጉዳዮች ወቅት እንዳላቸው የሚያስረዳ ጥናት አወጣ። ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ በሆነው ደን ውስጥ እንጉዳይ ሁልጊዜ የሚገኝ ይመስል ነበር። እርሱ ግን ከደረቅ ሳምንታት በኋላ የሚመጣው ዝናብ ፍሬያቸውን በአንድ ጊዜ እንደሚያወጣ አስተዋለ።

ረጃጅሞቹን ዛፎች ማወቅ ሌላ ፈተና ነበር። አበባና ፍሬያቸው ከሰው እጅ በላይ ነው፤ ዛፉን መቁረጥም ጥፋት ነው። በማሌያ ሰሜናዊ ምሥራቅ በኬላንታን የሚኖሩ ገበሬዎች በሮክ የሚባሉ ጦጣዎችን ኮኮናት እንዲያወርዱ ያሠለጥኑ ነበር። ኮርነር ይህን ብልሃት ከእነርሱ ወስዶ፣ ከ1937 ጀምሮ ጦጣዎቹ በማላይኛ ትእዛዝ እየሰሙ ቅርንጫፍ ቀንጥሰው እንዲጥሉለት አደረገ። በዚህና በሌሎች መንገዶች ያገኘው እውቀት በ1940 ስለ ማሌያ የመንገድ ዳር ዛፎች በሁለት ጥራዝ ያሳተመው መጽሐፍ መሠረት ሆነ።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። የገዥው ማስታወሻ ከደረሰ በኋላ ከጃፓኑ ቶሆኩ ዩኒቨርሲቲ የመጡት ፕሮፌሰር ሂዴዞ ታናካዳቴ የቤተ መዘክሩንና የእጽዋት ማዕከሉን ኃላፊነት ተረከቡ። ኮርነርና የማዕከሉ ዳይሬክተር ኤሪክ ሆልተም ከእስር ውጭ ሆነው ሥራቸውን እንዲቀጥሉ ተፈቀደላቸው። ባለቤቶቻቸው ከሸሹባቸው ወይም ከታሰሩባቸው ቤቶች መጻሕፍት እየተሰበሰቡ ወደ ቤተ መዘክሩ ገቡ። በኋላ ማርኪስ ዮሺቺካ ቶኩጋዋ የተቋማቱ የበላይ ሆኑ፤ የእጽዋት ማዕከሉም በጃፓናዊው የእጽዋት ሊቅ በክዋን ኮሪባ እንዲመራ ተደረገ። የጠላት አገር ሳይንቲስቶች በአንድ ጣሪያ ሥር ዕፅዋትን ሲያጠኑ ከሦስት ዓመት በላይ አለፈ።

ከግቢው ውጭ ግን ሌላ ሕይወት ነበር። በወረራው የመጀመሪያ ሳምንታት ብዙ ሺህ ቻይናውያን የከተማዋ ነዋሪዎች ተጨፈጨፉ። ከተማረኩት ወታደሮች ብዙዎቹ ወደ በርማ ባቡር መንገድ ሥራ ተወስደው በረሃብና በበሽታ አለቁ። በቻንጊ የታሰሩት ሲቪሎችም ከእለት ወደ እለት እየመነመኑ ሄዱ። ከእነዚህ ሰዎች ዓይን ሲታይ፣ በነፃነት እየተንቀሳቀሰ ናሙና የሚመረምር እንግሊዛዊ የጠላት ተባባሪ ነው። ጦርነቱ በ1945 ሲያበቃ ኮርነርን የጠበቀው ይህ ፍርድ ነበር።

እርሱም ዝም አላለም። በ1946 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ በማሌያ የነበሩ ጃፓናውያን ሳይንቲስቶች ስብስቦቹን እንዴት እንደጠበቁ የሚገልጽ ጽሑፍ አሳተመ። የጦርነቱ ቁስል ገና ሳይደርቅ የጠላትን ሰዎች ማመስገን ወዳጅ የሚያበዛ ተግባር አልነበረም። ከ35 ዓመት በኋላ፣ በ1981፣ ታሪኩን በሙሉ ዘ ማርኪስ በሚል ርእስ በመጽሐፍ አወጣው። ወረራው ያደረሰውን ግፍ የሚያስተባብል ሰው አልነበረም። በግፉ መካከል እውቀትን ያተረፉ ጃፓናውያን እንዳይረሱ ግን አጥብቆ ተከራከረ። ሌሎች የተሰቃዩበትን ዘመን በሥራ ያሳለፈው እርሱ ራሱ በመሆኑ፣ ክርክሩ ሁሉንም አላሳመነም።

ከጦርነቱ በኋላ ወደ ሲንጋፖር ሥራው አልተመለሰም። በ1947 እና በ1948 በዩኔስኮ ስም በላቲን አሜሪካ አገለገለ፤ የአማዞንን ደን የማየት እድልም አገኘ። ከ1949 ጀምሮ በካምብሪጅ አስተማረ፤ በኋላም የሐሩር እጽዋት ፕሮፌሰር ሆነ። በዚያው በ1949 ያቀረበው፣ በዱሪያን ፍሬ ስም የተጠራው የአበባ ዕፅዋት አመጣጥ ንድፈ ሐሳብ ብዙ ሙግት አስነሣ። በዋርካና በሾላ ዘመዶች ላይ ያደረገው ጥናትም ሰፊ ነው። ይሁን እንጂ እስከ ዕድሜው ፍጻሜ ያልተለየው ፍቅር የእንጉዳይ ነበር።

በ1950 እንደ ዱላና እንደ ባሕር ዛጎል ቅርንጫፍ የሚቆሙትን እንጉዳዮች የሚመለከት ትልቅ ሥራ አሳተመ። መልካቸው አንድ የሚመስሉት እንጉዳዮች ዘመዳሞች ላይሆኑ እንደሚችሉ በክራቸውና በስፖራቸው፣ ማለትም እንደ ዱቄት በደቀቀው ዘራቸው፣ አስረዳ። ከዚያ በኋላ ያወጣቸው ጥናቶች ከዛፍ ሥር ጋር ወደሚኖሩት እንጉዳዮች ይበልጥ አመሩ። በ1962 ከኔዘርላንዳዊው ኮርኔሊስ ባስ ጋር አማኒታ ስለሚባለው ወገን፣ በ1966 ስለ ካንታሬለስና ዘመዶቹ፣ በ1972 ደግሞ ቦሌተስ ስለሚባሉት፣ ከጃንጥላቸው ሥር ቀዳዳ ስላላቸው የማሌዥያ እንጉዳዮች ጻፈ።

የእነዚህ እንጉዳዮች ሕይወት ከዛፎቹ ሕይወት ጋር የተሳሰረ ነው። ክራቸው የዛፉን ቀጫጭን የሥር ጫፎች እንደ ጓንት ይሸፍናል፤ ከአፈሩም ውሃ፣ ፎስፈረስና ናይትሮጅን ለዛፉ ያቀብላል። ዛፉ በበኩሉ በቅጠሉ የሠራውን ስኳር ያካፍለዋል። ሳይንስ ይህን አንድነት ማይኮራይዛ ይለዋል። በደቡብ ምሥራቅ እስያ ደኖች ውስጥ ለጣውላ የሚፈለጉት የዲፕቴሮካርፕ ዛፎችና የባሉጥ ቤተሰብ ዛፎች በዚህ ኅብረት ይኖራሉ። ስለዚህ ደኑ ሲመነጠር የሚጠፋው ዛፉ ብቻ አይደለም። በሥሩ ላይ የኖረው እንጉዳይ ስም እንኳ ሳይወጣለት አብሮ ሊጠፋ ይችላል። ችግኙም መልሶ ሲተከል የሚስማማው ፈንገስ በአፈሩ ውስጥ ከሌለ እድገቱ ይጎዳል። እንጉዳዮችን ለይቶ መሰየም ደንን ከመጠበቅ ጋር የሚገናኘው በዚህ ምክንያት ነው።

ኮርነር ይህን በተግባርም አሳይቷል። በ1961 እና በ1964 የብሪታንያው ሮያል ሶሳይቲ በቦርኒዮ ደሴት ወደሚገኘው፣ 4,095 ሜትር ከፍታ ወዳለው የኪናባሉ ተራራ ያደረጋቸውን የጥናት ጉዞዎች መራ። ተራራው እንዲጠበቅ ተሟገተ፤ በ1964 ስፍራው ብሔራዊ ፓርክ ሆነ። በ2000 ደግሞ በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ።

በ1985 ጃፓን የንጉሠ ነገሥት ሂሮሂቶን 60ኛ የንግሥና ዓመት ምክንያት በማድረግ ዓለም አቀፍ የባዮሎጂ ሽልማት አቋቋመች። የመጀመሪያው ተሸላሚ ኮርነር ነበር። ለአድናቂዎቹ የሳይንስ ወዳጅነት ከጦርነት በላይ መሆኑን የሚያሳይ ክብር ነበር፤ ለነቃፊዎቹ ደግሞ የአሮጌውን ጥርጣሬ ትዝታ የሚቀሰቅስ ሆነ።

ቤቱ ግን እንደ ሥራው አልቀናም። አንድ ልጁ በ1960 በ19 ዓመቱ ከቤት ወጥቶ ከአባቱ ጋር ዳግመኛ ሳይገናኝ ቀረ። ኮርነር ሴፕቴምበር 14 ቀን 1996 በ90 ዓመቱ ሲያርፍ፣ ለዚያ ልጅ የተተወች በወረቀት የተሞላች ሻንጣ ተገኘች። ልጁ ከዓመታት በኋላ ሻንጣዋን ከፍቶ፣ ያላወቀውን አባቱን በውስጧ ፈለገ፤ በ2013ም የአባቱን ታሪክ በመጽሐፍ አሳተመ።

ዛሬ ተመራማሪዎች በዓለም ላይ ያሉት የፈንገስ ዝርያዎች ከ2 ሚሊዮን በላይ እንደሚሆኑ ይገምታሉ፤ ስም የወጣላቸው ግን ከዚያ እጅግ ያነሱ ናቸው። ኮርነር በአንድ ሰፊ ስም ያሰባሰባቸውን ቦሌተሶች የዘረመል ምርመራ ወደ ብዙ ወገኖች ከፋፍሏቸዋል። ከእነዚህም አንዱ በእርሱ ስም ኮርነሮቦሌተስ ተብሎ ተጠርቷል። አጥኚዎች የአንድን የማሌዥያ እንጉዳይ ማንነት ሲጠራጠሩ ወደ ጽሑፎቹ፣ ወደ ሥዕሎቹና በኤድንብራ የእጽዋት ማዕከል ወደሚገኙት የደረቁ ናሙናዎቹ ይመለሳሉ። እንጉዳዮቹ ከተለቀሙባቸው ደኖች ብዙዎቹ ተመንጥረዋል። እዚያ የበቀለው ምን እንደነበር የሚመሰክሩት እነዚያ ወረቀቶችና ናሙናዎች ናቸው።