ከተጣለ ጠርሙስ ቤተ ሙከራ የሠሩት መምህር

ጆርጅ ዋሽንግተን ካርቨር በአሜሪካ ሚዙሪ ግዛት በባርነት ትኖር ከነበረች እናት ተወለዱ። በቆዳ ቀለማቸው ምክንያት የትምህርት ደጅ ቢዘጋባቸውም፣ ከከተማ ከተማ እየተዘዋወሩና የሰው ልብስ እያጠቡ ተምረው በአዮዋ የግብርና ኮሌጅ ሁለተኛ ዲግሪያቸውን አገኙ።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1896 በአላባማ በሚገኘው የተስኪጊ ተቋም ማስተማር ሲጀምሩ በቂ ቤተ ሙከራ አልነበረም። ስለዚህ ከተማሪዎቻቸው ጋር የተጣሉ ጠርሙሶችንና ቁርጥራጭ ዕቃዎችን ለቅመው የመማሪያ መሣሪያ ሠሩ። ተማሪዎቹም የጎደለውን ከመቁጠር ይልቅ በእጅ ያለውን መጠቀም በዚያው ተማሩ።

ለካርቨር መሸምደድ ብቻውን ዕውቀት አልነበረም። ተማሪው ወደ ሜዳ ወጥቶ ዕፅዋቱንና አፈሩን በገዛ ዓይኑ እንዲመረምር፣ የጀመረውንም በጥንቃቄ እንዲፈጽም ያስተምሩ ነበር።

ይህ ልማድ ከክፍል አልፎ ማሳ ደረሰ። ጥጥ ደጋግሞ በመዝራት መሬታቸው ለተሟጠጠባቸው ገበሬዎች ኦቾሎኒና ሌሎች ጥራጥሬዎችን እያፈራረቁ መዝራትን አስተማሩ። በ1906 ደግሞ ትምህርቱን በበቅሎ በሚጎተት ጋሪ ወደ ገጠር መንደሮች የሚያደርስ አገልግሎት ተጀመረ።

ካርቨር በ1943 እስካረፉ ድረስ ከ46 ዓመታት በላይ በዚያው ተቋም አገለገሉ፤ ያጠራቀሙትንም ገንዘብ ለግብርና ምርምር አወረሱ።