ሎርድ ፓልመርስተንና የሚኒስትሮች ውሳኔ

ከታላላቅ ሰዎች ታሪክ የምንማረው ከመልካም ሥራቸው ብቻ አይደለም፤ ስሕተታቸውም ለአስተዋይ ሰው ትምህርት ነው። በእንግሊዝ አገር ስመ ጥር የነበረው የሎርድ ፓልመርስተን ታሪክ እንዲህ ያለ ነው። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሄንሪ ጆን ቴምፕል በ1784 ዓ.ም. ተወለደ። በ17 ዓመቱ አባቱ ስለ ሞተ የፓልመርስተንን ማዕረግ ወረሰ፤ በ1807 ዓ.ም. የፓርላማ አባል ሆነ። ከ1830 ዓ.ም. ጀምሮም ሦስት ጊዜ እየተሾመ ከ15 ዓመት በላይ በውጭ ጉዳይ ሚኒስትርነት አገለገለ። በ1848 ዓ.ም. ዋልተር ፕላውዴንን ቆንስል አድርጎ ወደ አገራችን የላከ እርሱ ነው።

ሥራ ወዳድና ደፋር ስለ ነበረ ሕዝቡ ይወደው ነበር። ነገር ግን ባልደረቦቹን ሳያማክር ለውጭ መንግሥታት የመጻፍ አመል ነበረበት። በ1850 ዓ.ም. ንግሥት ቪክቶሪያ የፈቀዱትን ነገር በራሱ ሥልጣን እንዳይለውጥ በጽሑፍ አስጠነቀቁት፤ አመሉ ግን አልተወውም።

በዲሴምበር 2 ቀን 1851 ዓ.ም. ሉዊ ናፖሌዎን የፈረንሳይን የሕግ ምክር ቤት በወታደር ኃይል በትኖ ሥልጣኑን ጠቀለለ። የእንግሊዝ ሚኒስትሮች መክረው ጣልቃ ላለመግባት ወሰኑ፤ በፓሪስ የነበረው አምባሳደራቸውም ይህንኑ እንዲያስታውቅ ታዘዘ። አምባሳደሩ ሄዶ ለፈረንሳዩ ሚኒስትር ቢነግረው፣ ፓልመርስተን ለካ በሎንዶን ለነበረው የፈረንሳይ አምባሳደር ነገሩን እንደ ደገፈ አስቀድሞ ገልጦለት ኖሯል። አንድ መንግሥት በሁለት ምላስ የተናገረ ሆነ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሎርድ ጆን ራስል ምክንያቱን ጠየቀው፤ መልሱ አጥጋቢ ስላልሆነ በዚያው ወር ሻረው። በፌብሩዋሪ 1852 ዓ.ም. የሻረበትን ምክንያት በፓርላማ ፊት አስረዳ።

ይህ ሥራ ራስልን ብዙ አስከፈለው። በዚያው ፌብሩዋሪ ፓልመርስተን ስለ አገር ጠባቂ ጦር በቀረበው ሕግ ላይ ተከራክሮ በ11 ድምፅ ብልጫ ረታው፤ የራስልም መንግሥት ወደቀ። ፓልመርስተን በ1855 ዓ.ም. በ70 ዓመቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ። በ1859 ዓ.ም. ዳግመኛ ሲሾም ራስልን የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር አደረገው። በ1865 ዓ.ም.፣ 81 ዓመት ሊሞላው 2 ቀን ሲቀረው፣ በሥልጣኑ ላይ እንዳለ ሞተ።

እንግዲህ ራስል ተሳሳተ እንበልን? እኔስ አልልም። ሚኒስትር በምክር ጊዜ የመሰለውን ሳይፈራ ይከራከር፤ ከተወሰነ በኋላ ግን ወይ ውሳኔውን ይጠብቅ፣ ወይ ሹመቱን ይልቀቅ። አለዚያ ሕዝቡ ማንን ይጠይቃል? እኛም ተማሪዎች በክፍል ኮሚቴያችን ስንመክር ይህን ብንለምድ፣ ነገ ትልቅ አደራ ስንቀበል አንቸገርም።