ቶማስ ሚጅሊ እና ከእርሳቸው በኋላ በአየር ላይ የቀረው ጋዝ

የማቀዝቀዣ ጋዝ የሚያስመጡም ሆኑ ፍሪጅ የሚያስጠግኑ ተገልጋዮች ሲ.ኤፍ.ሲ. የሚለውን ስም ሳይሰሙ አይቀሩም። ስሙ የሚያመለክታቸው ጋዞች ታሪክ በአብዛኛው ከአንድ ሰው ሕይወት ጋር የተያያዘ ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎሮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቶማስ ሚጅሊ በ1889 በአሜሪካ ፔንሲልቬንያ ግዛት፣ ቢቨር ፎልስ በተባለች ከተማ ተወለዱ። ያደጉት በኦሃዮ ግዛት ሲሆን፣ በ1911 ከኮርኔል ዩኒቨርሲቲ በመካኒካል ምሕንድስና ተመርቀዋል። ስማቸው የገነነው በኬሚስትሪ ቢሆንም በትምህርታቸው የማሽን ሰው ነበሩ። በ1916 በዴይተን ከተማ በቻርልስ ኬተሪንግ ቤተ ሙከራ ተቀጠሩ። በ1921 የሞተርን መንኳኳት የሚያስቀር የእርሳስ ውሁድ አግኝተው በቤንዚን ላይ እንዲጨመር አደረጉ። ውሁዱን በሚያመርቱ ፋብሪካዎች ሠራተኞች ተመርዘው ሞተዋል፤ ሚጅሊም ራሳቸው በእርሳስ ተጎድተው ለማገገም ሥራቸውን ለጊዜው አቋርጠው ነበር።

በዚያ ዘመን የቤት ማቀዝቀዣዎች የሚሠሩት በአሞኒያ፣ በሰልፈር ዳይኦክሳይድ ወይም በሜቲል ክሎራይድ ነበር። ሦስቱም መርዘኞች ስለሆኑ ጋዙ በሌሊት ቢያፈተልክ የተኛ ቤተሰብ ሊገድል ይችል ነበር። በ1928 ሚጅሊ የማይመርዝና የማይቃጠል ምትክ እንዲፈልጉ ተጠየቁ። ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ካርቦንን ከክሎሪንና ከፍሎሪን ጋር በማጣመር ኋላ ሲ.ኤፍ.ሲ.-12 የተባለውን ጋዝ ሠሩ።

ለሙከራው የሚያስፈልገው ጥሬ ኬሚካል በአምስት ትንንሽ ጠርሙሶች ተገዝቶ ነበር። ከመጀመሪያው ጠርሙስ የተሠራውን ጋዝ እንዲተነፍስ የተደረገ ጊኒ ፒግ ምንም ሳይሆን ቀረ። በሁለተኛው ጊዜ ግን እንስሳው ሞተ። ሲመረመር በቀሩት ጠርሙሶች ያለው ኬሚካል ንጹሕ ስላልነበረ ፎስጂን የተባለ መርዝ መፍጠሩ ታወቀ። በመጀመሪያ የተነሣው ጠርሙስ ከተበከሉት አንዱ ቢሆን ኖሮ ሥራው ከጅምሩ ሊተው ይችል ነበር። በሚያዝያ 1930 ሚጅሊ በአትላንታ በተሰበሰቡ ኬሚስቶች ፊት ጋዙን ወደ ሳንባቸው ስበው ካስገቡ በኋላ ቀስ ብለው በመተንፈስ የበራ ሻማ አጠፉበት። አለመመረዛቸው አንዱን፣ የሻማው መጥፋት ሌላውን ጥያቄ መለሰ። ጋዙም ፍሪዮን በሚል የንግድ ስም ገበያ ላይ ዋለ።

ሚጅሊ በ1940 በፖሊዮ ታመው እግሮቻቸው ሽባ ሆኑ። ከአልጋ የሚያነሣቸውን በገመድና በመዘውር የሚሠራ መሣሪያ ራሳቸው ፈለሰፉ። በኅዳር 1944 በ55 ዓመታቸው በዚያው መሣሪያ ገመድ ታንቀው ሞተው ተገኙ። በወቅቱ የአሜሪካ ኬሚስቶች ማኅበር ፕሬዚዳንት ነበሩ። የሠሩት ጋዝ የት እንደሚደርስ በሕይወት ሳሉ የጠየቀ ሰው አልነበረም።

ጥያቄው የተነሣው ሩብ ምዕተ ዓመት ያህል ዘግይቶ ነው። እንግሊዛዊው ጄምስ ላቭሎክ በ1971 ወደ አንታርክቲካ በተጓዘ መርከብ ላይ ሆነው ሲለኩ፣ ከማንኛውም ፋብሪካ በራቀው የውቅያኖስ አየር ውስጥ ሳይቀር ሲ.ኤፍ.ሲ.-11ን አገኙ። በ1974 ማሪዮ ሞሊና እና ሼርዉድ ሮውላንድ ጋዞቹ በመጨረሻ ምን እንደሚሆኑ አስረዱ። ብዙ በካይ ጋዞች በዝናብ ይታጠባሉ፤ ሌሎቹ ደግሞ በአየር ውስጥ ባለው ሃይድሮክሲል በተባለ ንጥረ ነገር ይፈርሳሉ። ሲ.ኤፍ.ሲ. ግን በውኃ እምብዛም አይሟሟም፤ ሃይድሮክሲል የሚነጥቀው ሃይድሮጂንም የለውም። ለቤት ውስጥ አገልግሎት ተመራጭ ያደረገው ከሌላ ነገር ጋር ያለመዋሐድ ጠባዩ ከአየር እንዳይወገድም አደረገው።

የሚቀረው መንገድ አንድ ነው። ጋዙ ከአየር አራት እጥፍ ያህል ቢከብድም ነፋስ ያዋሕደዋል፤ በምድር ወገብ አካባቢ ወደ ላይ የሚወጣው አየርም ወደ ስትራቶስፌር ያደርሰዋል። ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ከፍ ሲል ኃይለኛው አልትራቫዮሌት ጨረር ሞለኪውሉን ይሰብረዋል። የተለቀቀው ክሎሪን በተራው ብዙ ሺህ የኦዞን ሞለኪውሎችን ያፈርሳል፤ በመጨረሻ ሃይድሮጂን ክሎራይድ ሆኖ ወደ ታች ይወርድና በዝናብ ይታጠባል። ስለዚህ ጋዙ የሚወገደው የኦዞን ንጣፍን እየጎዳ ነው። በየዓመቱ ወደዚያ ከፍታ የሚደርሰው አየር ጥቂት በመሆኑም ሥራው እጅግ ይዘገያል። የሲ.ኤፍ.ሲ.-11 አማካይ የአየር ላይ ዕድሜ 52 ዓመት ያህል፣ የሲ.ኤፍ.ሲ.-12 ደግሞ 102 ዓመት ያህል ነው። ሚጅሊ በሞቱበት ዓመት አንድ ኪሎ ግራም ሲ.ኤፍ.ሲ.-12 ከአንድ ፍሪጅ አፈትልኮ ቢሆን፣ ከ80 ዓመት በኋላ 450 ግራም የሚሆነው ገና በአየር ላይ ነበር።

በ1985 በአንታርክቲካ ሰማይ ላይ የኦዞን ንጣፍ በእጅጉ መሳሳቱ ይፋ ሆነ፤ በ1987 የሞንትሪያል ፕሮቶኮል ተፈረመ። ኢትዮጵያም የፕሮቶኮሉ አባል ናት። ምርቱ በታዳጊ አገሮች ጭምር ከ2010 ጀምሮ የተከለከለ ሲሆን፣ የጋዞቹም መጠን በአየር ላይ እየቀነሰ ነው። አሁን ባለው ፖሊሲ የኦዞን ንጣፍ በአብዛኛው ዓለም በ2040 አካባቢ፣ በአንታርክቲካ ደግሞ በ2066 አካባቢ ወደ 1980 ይዞታው ይመለሳል ተብሎ ይጠበቃል። ኋላ የመጣው ኤች.ሲ.ኤፍ.ሲ.-22 ሃይድሮጂን ስላለው በ12 ዓመት ገደማ ይወገዳል፤ ሆኖም ክሎሪን ስለሚይዝ እርሱም ደረጃ በደረጃ እየታገደ ነው።

ከአየር ላይ ሲ.ኤፍ.ሲ.ን መልሶ ለመሰብሰብ የሚያስችል ተግባራዊ ዘዴ የለም፤ በአንድ ቢሊዮን የአየር ሞለኪውሎች መካከል የሚገኘው ሲ.ኤፍ.ሲ.-12 አንድ እንኳ አይሞላምና። ሊሰበሰብ የሚችለው ገና በአሮጌ ፍሪጆችና ማቀዝቀዣዎች ውስጥ ያለው ነው። በጥገና ወቅት ቴክኒሻኑ ጋዙን ወደ ውጭ እንዳይለቅ፣ በማስወጫ መሣሪያ ወደ ሲሊንደር እንዲያስገባ የሚፈለገውም በዚህ ምክንያት ነው።