ዶክተር አክሊሉ ለማና የመተማው ካላዛር

መተማ ሲባል ለብዙዎቻችን አስቀድሞ ትዝ የሚለን በ1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ የወደቁበት ጦርነት ነው። ባዮሎጂና ሕክምና የምንማር ግን ስለዚያ ቆላ ሌላም የምናስበው ነገር አለ። ሰሊጥና ጥጥ በሚደርስበት ወራት ከደጋ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ፣ በጥቁሩ አፈር ስንጥቅና በግራሩ አካባቢ በምትኖር የአሸዋ ዝንብ ይነደፋል። ከወራት በኋላም ትኩሳቱ የማይለቀው፣ ሥጋው ያለቀ፣ ጣፊያው ያበጠ በሽተኛ ሆኖ ይገኛል። በሽታው ካላዛር ነው፤ ካልታከመም ይገድላል። የሚያመጣው ጥገኛ ተሕዋስ ሌይሽማንያ ይባላል።

ይህን ተሕዋስ ለማጥናት የተዘጋጀ ጓደኛችን ሁሉ አስቀድሞ የዶክተር አክሊሉ ለማን ሕይወት ቢያውቅ እንወዳለን። ዶክተር አክሊሉን ሰው የሚያውቃቸው በእንዶድ ነው። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1964 (ከዚህ በኋላ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ሺለር ከተባሉ ተመራማሪ ጋር ያሳተሙት ጽሑፍ ስለ ሌይሽማንያ ነበር። ይኸውም ተሕዋሱ በሰው ሕዋስ ውስጥ ሲኖር የሚይዘውን መልክ፣ ከሕዋስ ውጭ በብልቃጥ ውስጥ ስለ ማሳደግ ነው። ብዙ ትዕግሥትና ንጽሕና የሚጠይቅ ሥራ ነው።

ዶክተር አክሊሉ በ1935 በሐረርጌ ተወለዱ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ፣ ቀጥሎም በአሜሪካ አገር ተምረው በ1964 ከጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ማዕርግ አገኙ። በዚያው ዓመት ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች ለማጥናት ወደ ዐድዋ ሄዱ። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በዝተው አዩ። ወዲያውም ከላይኛው ወንዝ ሕያዋኑን ሰብስበው የእንዶዱ አረፋ እንዲጨመርባቸው አደረጉ፤ ቀንድ አውጣዎቹም ሞቱ።

ታሪካቸው ሲነገር አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ይቆማል፤ ዓይናቸውም ይመሰገናል። እኛ ግን ከዓይናቸው ይልቅ ቀጥሎ የመጣውን አድካሚ ሥራ እናደንቃለን። እንዶድን እናቶቻችን ከጥንት ያውቁታል፤ ከልብስ አጣቢዎቹ መካከል የሞተውን ቀንድ አውጣ ያየ እንደማይጠፋ እንገምታለን። ያልነበረው ቈጠራው ነው፤ ስንት እንዶድ በስንት ውኃ፣ በስንት ሰዓት፣ ከስንቱ ስንቱ ሞተ የሚለው፣ ደግሞም እንዶድ ያልተጨመረበት ውኃ ለማመሳከሪያ ጎን ለጎን መቀመጡ።

በ1966 በዩኒቨርሲቲው የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን አቋቋሙ። በዐድዋ ከተማ ከ1969 ጀምሮ ለአምስት ዓመት በተደረገው ጥናት ወንዙ በእንዶድ እየታከመ ነዋሪው ተመረመረ፤ በትንንሾቹ ሕፃናት ዘንድ ቢልሃርዚያ ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ገደማ ወረደ። ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስም ከየአገሩ የተሰበሰቡትን የእንዶድ ዓይነቶች እያነጻጸሩ ዓይነት 44 የተባለውን ብርቱ ዘር መረጡ። ሌይሽማንያንም ቢሆን አልተዉትም፤ በደጋው ስላለው ቁንጭር ከባልደረቦቻቸው ጋር በ1969 ጥናት አሳትመዋል።

ይህ ሁሉ ሆኖ እንዶድ ቶሎ ተቀባይነት አላገኘም። በዓለም አቀፍ የላቦራቶሪ ደንብ የተሠራ የመርዛማነት ምርመራ ያስፈልጋል ተባለ። ያን የመሰለ ላቦራቶሪ በአገራችን ስላልነበረ ምርመራው በካናዳ እስኪሠራ ድረስ ከግኝቱ በኋላ ሩብ ምዕት ዓመት ያህል አለፈ። ዶክተር አክሊሉ የድኻ አገር ሳይንቲስት ሥራ አይታመንም ብለው በአደባባይ አዝነው ተናግረዋል፤ ኀዘናቸውም እውነት ነበረበት። ሆኖም ደንቡ ራሱ ከንቱ ነው ለማለት አንደፍርም፤ ሕዝብ በሚጠጣው ወንዝ ላይ የሚጨመር ነገር መመርመር አለበት። የሚያስቈጨው መመርመሪያው በእጃችን አለመኖሩ ነው። በ1989 ከዶክተር ለገሠ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ተቀበሉ፤ በ1997 ዐረፉ። ኢንስቲትዩቱ ዛሬ በስማቸው ይጠራል።

ወደ መተማ እንመለስ። ዶክተር አክሊሉ በብልቃጥ ያሳደጉት የዚያ ወገን ተሕዋስ ዛሬ በፊደሉ ይነበባል፤ የካላዛሩ ዓይነት 36 ክሮሞሶሞች፣ በእነርሱም ላይ ከ30 ሚሊዮን በላይ ፊደላት አሉት። በሰሜን ኢትዮጵያ ያለው ተሕዋስ ከደቡቡ እንደሚለይ በዚህ መንገድ ታውቋል፤ የሚያስተላልፉት ዝንቦችም የተለያዩ ናቸው። በህንድ አገር አጥጋቢ የሆነው ፈጣን የደም ምርመራ በምሥራቅ አፍሪካ ከዚያ ይልቅ ብዙ በሽተኛ ይስታል፤ አንዱ ምክንያት የኛው ተሕዋስ የተለየ መሆኑ ነው። ይህንም ያሳወቀው በየአገሩ የተሠራ ልኬት ነው እንጂ ከምርመራው ጋር የመጣው ወረቀት አይደለም።

ስለዚህ ኮምፒዩተርና ስታቲስቲክስ የሌላ ክፍል ትምህርት ነው የሚለውን አነጋገር አንቀበለውም። ሚሊዮን ፊደል በዓይን አይቈጠርም፤ ፕሮግራም መጻፍ የማይችል ባዮሎጂስት ናሙናውን ባሕር ማዶ ልኮ መልሱን የሚጠብቅ ሆኖ ይቀራል። ነገር ግን ኮምፒዩተሩም ያልተጻፈለትን አያውቅም። መተማ ላይ ደሙ የተወሰደው ሠራተኛ ከደምቢያ ወይም ከበለሳ የመጣ ሊሆን ይችላል። በመዝገቡ ላይ የጤና ጣቢያው ስም ብቻ ከተጻፈ የት እንደ ተነደፈ የሚናገር ፊደል በክሮሞሶሙ ላይ አይገኝም። የትውልድ ወረዳው፣ ቆላ የወረደበት ወር፣ ያደረበት እርሻ፣ ከዚህ በፊት ታሞ እንደ ሆነና ምን መድኃኒት እንደ ወሰደ በየዓምዱ መግባት አለበት፤ ያውም እዚያው፣ በሽተኛው ሳይሄድ።